ወይዘሪት በቅርቡ

"ቆመዋል" አለ ፀሐዩ፣ የቢሮውን በር ሳያንኳኳ ገፍቶ። "የካውያ ክፍሎቹ። ካውያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ሰውየውን ይዘሽልኝ ውረጂ።"

አስተርጓሚዋ ኢፍቱ ከወንበሯ ተነሳች። ሰውየው ሚስተር ናሊን ነው፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ። አማርኛውን ባይሰማም የሱፐርቫይዘሩን የፀሐዩን ፊት አይቶ እሱም ብድግ ብሎ ነበር።

"ምን ሆኑ?" አላት በእንግሊዝኛ።

"ሥራ አቁመዋል።"

የብረት ደረጃውን ተከታትለው ወረዱ። ኢፍቱ እንደ ልማዷ ከግራ ትከሻው አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ነበር የምትሄደው። ቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ሥራ በጀመረች ሰሞን ይህን ስታውቅ ቦታዋንም አብራ አወቀች፤ ከግራ ትከሻው ጀርባ፣ ድምፅ ለመድረስ በሚበቃ፣ ለመታየት ግን በማይበቃ ርቀት።

የካውያ ክፍሉ ከስፌት አዳራሹ ጫፍ ላይ ነው። ጣሪያው ሥር የእንፋሎት ቧንቧ ይሄዳል። ከቧንቧው ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ጥቁር ጎማ ወርዶ ካውያው ላይ ይገጠማል። ሴቶቹ ከጠረጴዛዎቻቸው ራቅ ብለው፣ በተሰቀሉት ሸሚዞች መካከል ቆመዋል። ከሁሉም ዳር ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነበር። የሉላ ጠረጴዛ ነው። ጎማው መሃል ላይ በሰማያዊ የሸሚዝ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል።

ያ ጎማ ነው ከሁለት ሳምንት በፊት ተሰንጥቆ የሉላን ክንድ ከክርኗ እስከ መዳፏ ያቃጠላት። ያን ዕለትም ሴቶቹ እንዲሁ ቆመው ነበር። ሚስተር ናሊን ወርዶ ሁሉም ጎማዎች እንደሚቀየሩ ነገራቸው። መቼ ብለው ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ "ሱን" አለ። ኢፍቱ "በቅርቡ" አለች። ሴቶቹም ወደ ካውያቸው ተመለሱ።

"መጡ" አለች መርዋ ጮክ ብላ። "ሚስተር በቅርቡና ወይዘሪት በቅርቡ።"

ጥቂቶቹ ሳቁ። የመርዋ አባት አንድ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት የሚሸጡ የስልጤ ነጋዴ ናቸው። መርዋ ለሰው መልስ መስጠት የተማረችው በዚያች የሱቅ መስኮት ነው።

"ምንድነው የሚፈልጉት?" አለ ሚስተር ናሊን።

ኢፍቱ ጠየቀቻቸው።

"ጎማ" አለች መርዋ። "ሌላ ምንም አንፈልግም። ይኸው ፀሐዩ ከሰዓት የሉላ ጠረጴዛ ይከፈታል እያለን ነው። በዚህ በሽቦ በታሰረ ነገር ላይ ማን እጁን እንደሚዘረጋ ይንገሩን።"

"ጭነቱ ዛሬ ማታ ይወጣል" አለ ፀሐዩ ለሁሉም። "አንድ ጠረጴዛ ከተዘጋ አይደርስም። እኔ ምን ላድርግ? ሸሚዙን በጥርሴ ልተኩሰው?"

"ብትሞክረው ቢያንስ አፍህ ይዘጋል" አለች መርዋ።

አሁን ብዙዎቹ ሳቁ። ኢፍቱ ቀልዱን ዘልላ ሌላውን ለሚስተር ናሊን ተረጎመችለት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ የያዛቸው የአማርኛ ቃላት ሦስት ናቸው፤ እሺ፣ ቶሎ እና በቅርቡ። የመጨረሻዋን ያስተማረችው ራሷ ኢፍቱ ነበረች፤ ጠይቋት፣ ደጋግሞ አጥንቶ፣ ሲሳካለት እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር።

"ሱን" አለ ወደ ሴቶቹ እያየ። ከዚያ ራሱ ጨመረበት። "በቅርቡ።"

"ይኸውና" አለች መርዋ። "አስተርጓሚም አያስፈልገውም።"

ከሴቶቹ መካከል እስካሁን ዝም ያለችው አደሴ ወደ ፊት ወጣች። የኢፍቱ አባት እህት ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ግንባሯ በእንፋሎቱ ርሷል። ሥራ አስኪያጁን አልፋ የወንድሟን ልጅ አየች።

"ኢፍቱ፣ እሱ ያለውን ሰማሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ... እሱ ያለውን ነው የምለው፣ አዳዳ።"

አክስቷን በኦሮምኛው አዳዳ ነው የምትላት፣ ቤትም ፋብሪካም።

አደሴ ትንሽ አሰበች። "ይደውል" አለች። "አለቆቹ ጋ ይደውልና መልሱን ከሰዓት ይንገረን። እስከዚያ እኛ በየጠረጴዛችን እንሠራለን። የሉላ ግን ተዘግቶ ይቆያል።"

ሚስተር ናሊን ሲተረጎምለት ቶሎ ቶሎ ራሱን ነቀነቀ። "እሺ" አለ። ሴቶቹ እያጉረመረሙ ካውያቸውን አነሱ፤ አዳራሹም መልሶ በእንፋሎት ድምፅ ተሞላ።

*

ኢፍቱ ይህን ሥራ የወደደችው የራሷን ቃል መናገር ስለማያስፈልጋት ነበር። ልጅ ሆና እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ የትርጉም መምህራቸው ሰሌዳው ላይ ያንኑ ቃል፣ "ሱን"ን፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ አማርኛውን ሲጠይቅ፣ አንዱ ከኋላ "በቅርቡ" ብሎ ጮኸ፣ መምህሩም ያንን ጽፎ አለፈ። ኢፍቱ ደብተሯ ላይ ሌሎችም ጽፋ ነበር፤ ቶሎ፣ ብዙም ሳይቆይ፣ እንዳለቀ ወዲያው፣ ሳይመሽ። እንደ አገባቡ ይለያያል ብላም ከሥር አስምራበታለች። እጇን ግን አላወጣችም።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ደብተሯ ላይ ያልጻፈቻቸውን አገባቦች አየች። ሚስተር ናሊን ስለ ጭነት "ሱን" ሲል ፀሐዩ ይሮጣል፤ አሁኑኑ ማለት ነው። ሻይ እንዲመጣለት ሲል፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። የሠራተኞች ሰርቪስ መቼ እንደሚጠገን ሲጠየቅ "ሱን" ካለ ግን ሁለት ክረምት አልፏል፤ ኮዬ ፈጬ የሚኖሩት አሁንም ንጋት ላይ ሚኒባስ ይጋፋሉ። ለሁሉም አንድ ቃል ነው የምትሰጠው፣ በቅርቡ። ሰዎቹ ራሳቸው ይለዩታል እያለች።

ቢሮ ሲመለሱ ሚስተር ናሊን ወደ ዋናው ቢሮ ደውሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በጆሮው ምክንያት ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራው። ከወዲያ ማዶ ያለው አለቃው እንግሊዝኛ ይናገራል። ኢፍቱ ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ እሱ በእጁ ቆዪ አላት።

"ጎማ?" አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ። "የቱ ጎማ?"

"ልጅቷ ከተቃጠለች በኋላ የጠየቅሁት። የእንፋሎት ጎማዎቹ።"

"እሱ። አልታዘዘም። ይህ ጭነት ይውጣ፣ ክፍያው ይግባ፣ ከዚያ እናየዋለን።"

"ሴቶቹ እየጠየቁ ነው። ዛሬ ጠዋት ሥራ አቁመው ነበር።"

"አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ጭነቱ ዛሬ ካልወጣ ደንበኛው ይሄዳል፤ ደንበኛው ከሄደ ጎማ የሚፈልግ ፋብሪካም አይኖርም። ሱን በላቸው። ይህን ለመናገር ምን ትቸገራለህ?"

ስልኩ ተዘጋ። ሚስተር ናሊን መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን በጣቶቹ ጫነ። ከታች የካውያዎቹ ትንፋሽ በወለሉ በኩል ይሰማል።

"ሰምተሻል" አላት።

"ሰምቻለሁ።"

"ይህ የሚተረጎም አይደለም።"

ኢፍቱ እጇን ከበሩ እጀታ ላይ አነሳች።

"ለአንድ ከሰዓት ብቻ ነው" አለ እሱ። "የሉላን ጎማ ገዳ በደንብ አስሮታል፤ አብሬው ቆሜ አይቻለሁ። ጎበዝ መካኒክ ነው። ለአንድ ከሰዓት ይይዛል።"

እርስዎ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቆማሉ ወይ? ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ በልቧ ሠራችው። ሰዋስዉ ትክክል ነበር። አልተናገረችውም።

"ሚስቴ መቼ ትመጣለህ ትለኛለች" አለ ሚስተር ናሊን፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ። "ሱን እላታለሁ። እኔንም ሱን እያሉኝ ነውና። ያንቺንም የቋሚነት ነገር አልረሳሁትም፤ ለዋናው ቢሮ ጽፌያለሁ። እሱም ሱን ነው።" መነጽሩን መልሶ አደረገ። "እነዚያ ሴቶች እኔን አያምኑኝም። አንቺን ነው የሚያምኑሽ። አባባሉን ታውቂበታለሽ።"

የቋሚነቷን ነገር አሁን ለምን እንዳነሳው ኢፍቱ ልታውቅ አልቻለችም። ማስፈራራት ይሁን፣ ማጽናናት ይሁን፣ ፊቱ ላይ ፈልጋ አጣችው። አባቷ ዱጉማ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር። አሁን ከሕንፃዎቹ በአንዱ የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደግሞ በብርድ እየታመመ ነው። ቋሚ ስትሆን ያንን ሥራ እንዲተዉ ተነጋግረው ወስነዋል። እሳቸውም ለሰው ሁሉ ነግረዋል፤ "ልጄ በቅርቡ ቋሚ ትሆናለች" ብለው።

*

ምሳ ሰዓት ላይ አደሴ በአጥሩ ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ ጠበቀቻት። መርዋ አጠገቧ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች።

"ነይ ብዪ" አለች አደሴ። "ጠዋት ፊትሽ ልክ አልነበረም። ቁርስ አልበላሽም።"

"በልቻለሁ፣ አዳዳ።"

"ዋሽታለች" አለች መርዋ። "ቁርስ የበላ ሰው ሳቅ ይላል።"

ኢፍቱ ካርቶኑ ዳር ላይ ተቀመጠች። አክስቷ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ አፏ ድረስ አመጣችላት፤ እምቢ ማለት የለም። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር።

"እሑድ ሉላ ጋ ሄጄ ነበር" አለች አደሴ። "ሳሪስ አቦ፣ የተከራየችው ቤት። ፀጉሯን ጎንጉኜላት መጣሁ። እጇ ገና አይታዘዛትም። ጣቷን ለማጠፍ ስትሞክር አየኋት፤ እኔ ዞር ስል ጠብቃ ነበር የምትሞክረው።"

መርዋ ዳቦዋን አወረደች። "ትመለሳለች ወይ?"

"ትመለሳለች ይላሉ። ጎማው ሲቀየር እመጣለሁ ነው የምትለው። ኢፍቱ በቅርቡ ብላ የለ፣ አለችኝ።"

ኢፍቱ ውሃ ጠጣች።

"እስቲ ቢራ ስለሚባለው ሰውዬ ንገሪያት" አለች መርዋ። "ያን ጊዜ ያልሽኝን።"

"እሷ ታውቀዋለች፤ ጎረቤታችን ነው።" አደሴ ሳቀች። "ድሮ መንደራችን ውሃ አልነበረም፣ ከወንዝ ነው የምንቀዳው። ቢራ አንድ ቀን ከስብሰባ መጣ፤ ቧንቧ በቅርቡ ይገባል አሉ ብሎ ነገረን። እኛም ደስ አለን። በርሜል የገዛ ሁሉ አለ። ሳይገባ ሁለት ክረምት አለፈ። ታዲያ ጥፋቱ የሱ ነው? አይደለም። የሰማውን ነው ያመጣው። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለቅሶ ቤት ሲመጣ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማንም ሂድ ያለው የለም፤ ራሱ ነው።"

"ምስኪን" አለች መርዋ።

"እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ቃሉን የላከውን ሰው አናውቀውም። የምናውቀው ያመጣውን ነው።" አደሴ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ገጠመች። "ለዚህ ነው ከሰዓት የሉላን ጠረጴዛ እኔ የምይዘው።"

ኢፍቱ ቀና አለች። "ለምን አንቺ?"

"ታዲያ ማን? ጭነቱ እንደሆነ መውጣቱ አይቀርም፤ ፀሐዩ አንዷን ይዞ ያቆማታል። ያን ቀን ሴቶቹን 'የወንድሜ ልጅ ብላለች፣ እንመለስ' ያልኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ሌላዋ ትቁም ብል ምን ይሉኛል? ወይ አላምንሽም ማለት ነው፣ ወይ ራሴ ቆሜ ማሳየት ነው።"

"እኔ ብሆን ቆሜ አላሳይም" አለች መርዋ። "እትዬ አደሴ፣ ማመን ሌላ፣ መቃጠል ሌላ።"

"አንቺ ዝም በይ፣ ዳቦሽን ብዪ።" አደሴ ወደ ኢፍቱ ዞረች። "ደወለ ወይ ሰውየው?"

እዚያ ላይ መናገር ይቻል ነበር። ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በአጥሩ ማዶ የሚያልፍ የጭነት መኪና ድምፅ አለ፤ ማንም አይሰማም። ኢፍቱ አፏን ከፈተች። አባቷ ንጋት ላይ ከጥበቃ ሲመለሱ የበሩን ጉበን ይዘው የሚቆሙበት ሁኔታ ዓይኗ ላይ መጣባት፤ ከዚያ በኋላ የሉላ ጣቶች፣ አይታቸው የማታውቃቸው።

"መልሱን... ራሱ ወርዶ ይነግራችኋል" አለች።

"ይሁን። ኢፍቱ ኮ፣ የኔ ኢፍቱ፣ አትጨነቂ" አለች አክስቷ፣ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ። የሥራው ደወል ጮኸ።

*

የጭነት መኪናው ደጅ ደርሶ የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ካርቶኖቹ ከአዳራሹ በር እስከ መኪናው ተደርድረዋል፤ የጎደሉት ገና ያልተተኮሱት ሸሚዞች ናቸው። ገዳ ከቦይለር ክፍሉ ወጥቶ በጣቱ ምልክት አሳየ፤ እንፋሎቱ ሙሉ ነው። አናታቸው ላይ ያለው ቧንቧ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሚስተር ናሊን ወረደ፤ ኢፍቱ ከግራ ትከሻው ጀርባ። ሴቶቹ በየጠረጴዛቸው ቆመዋል። አደሴ የሉላ ጠረጴዛ ላይ ናት። እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ ጫፉን በክር አስራዋለች። ይህን ያደረገችው ዛሬ ብቻ ነው።

"እትዬ አደሴ፣ እርስዎ እንኳን ስለ ረዱን እግዜር ይስጥልን" አለ ፀሐዩ። ሌላ ቀን አንቺ ነበር የሚላት። "ይኸው መኪናው ቆሟል።"

ሚስተር ናሊን ጉሮሮውን ጠረገ። ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ትዕግሥታቸው እንደሚያመሰግናቸው ተናገረ።

"ስለ ትዕግሥታችሁ ያመሰግናል" አለች ኢፍቱ።

ሉላ ስትድን ሥራዋ እንደሚጠብቃት ተናገረ።

"ሉላ ስትድን ሥራዋ ይጠብቃታል ብሏል።"

ዛሬ ይህ ጭነት ከወጣ ለሁሉም መልካም እንደሆነ፣ አዲሶቹ ጎማዎችም ሱን እንደሚመጡ ተናገረ። ቃሉን ሲል ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። ኢፍቱ ልትተረጉም አየር ሳበች፤ መርዋ ግን ቀደመቻት።

"አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እስከ ዛሬ ቀልጄ ሊሆን ይችላል፤ አሁን እየቀለድኩ አይደለም። ጎማው ታዟል ወይስ አልታዘዘም? ታዟል ወይም አልታዘዘም ይበል፤ ሌላ አልፈልግም።"

ኢፍቱ ጥያቄውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አዞረችው። ሚስተር ናሊን መርዋን አላያትም። ጭንቅላቱን መልሶ አስተርጓሚዋን አያት፤ ረጅም ጊዜ።

"ሱን በያቸው" አለ በዝግታ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ ሁሉ እያዩ ያሉት ኢፍቱን ነው፤ ከፊታቸው የቆመውን ሰው ያየ የለም። ኢፍቱ አፏ ውስጥ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ተናገረችው ራሱ ሊወጣ ደርሷል።

"በቃ መርዋ" አለች አደሴ። "ሱን አለ እኮ። እየመሸ ነው።" እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የቧንቧውን መክፈቻ ያዘችና ጥቂት አዞረችው። ጎማው ደንገጥ ብሎ ቀጥ አለ። የታሰረበት ሰማያዊ ጨርቅ ጠቆረ፣ ከዚያም ጭጋግ የመሰለ ነገር ከሽቦው ሥር መውጣት ጀመረ። አደሴ ፊቷን ወደ ጎን መለስ አደረገች እንጂ እጇን አላነሳችም። ካውያውን በሌላው እጇ ያዘች።

"አዳዳ፣ ዝጊው።"

ኢፍቱ ድምፁን ስትሰማው የሌላ ሰው መሰላት። ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰምተውታል።

"ምን አልሽ?" አለች አክስቷ።

"ዝጊው።" ሁለት እጆቿን ኋላዋ አድርጋ አንዱን በሌላው ያዘች። "እሱ በቅርቡ ብሏል። እሱ ያለው ይኼ ነው። አሁን የምናገረው ግን የሱ አይደለም፣ የራሴ ነው። ጎማው አልታዘዘም። ጠዋት ሲደወል ሰምቻለሁ። ጭነቱ ወጥቶ ገንዘቡ ሳይገባ አይታዘዝም። ከዚያም በኋላ እናያለን ነው የተባለው። ምሳ ላይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።"

አደሴ መክፈቻውን መልሳ አዞረች። ጎማው ቀስ እያለ ወረደ። ካውያውን መቀመጫው ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ነጠላዋ ላይ ጠርጋ፣ ከጠረጴዛው ራቀች። የእጅጌዋን ክር መፍታት ጀመረች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ካውያዋን አስቀመጠች፣ ከዚያ መርዋ፣ ከዚያ ሌሎቹ። መርዋ የምትቀልድ መስላ ነበር፣ አልቀለደችም።

ሚስተር ናሊን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አየ። "ምን ሆኑ?" አለ። "ምን አልሻቸው? ረጅም ነበር።"

ፀሐዩ ሁሉንም ሰምቷል፤ የሚያብራራበት እንግሊዝኛም አያጣም። ወለሉን ማየት መረጠ።

"ሱን ነው ያልሻቸው፣ አይደል?" አለ ሚስተር ናሊን። ድምፁ የቁጣ አልነበረም። የሚለምን ይመስል ነበር። "እኔ ያልኩትን ነው የነገርሻቸው። እነሱ ናቸው እምቢ ያሉት። አይደል?"

አዎ ብትለው ያምናት ነበር፤ ማመን ፈልጓል። ራሷን ብትነቀንቅ እንኳን ይበቃዋል። ለዋናው ቢሮም እንዲሁ ይናገራል፤ ጥፋቱ የሴቶቹ ይሆናል፤ የእሷም የቋሚነት ጉዳይ ከነበረበት አይነቃነቅም።

ኢፍቱ ከግራ ትከሻው ጀርባ ወጣች። ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ከሉላ ጠረጴዛ አጠገብ። አንደኛው ጆሮው እንደማይሰማ ታውቃለችና ድምፏን ከፍ አደረገች።

"አይደለም" አለችው። ከዚያም ለሴቶቹ ያለችውን፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ በእንግሊዝኛ ተረጎመችለት።